ያረፉት ልጆች ደብተር

«ልጄን በልተውብኛል» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ ገና ወንበር ሳይዙ። «የበሉበትም መዝገብ ይኸውልሽ።»

ከነጠላቸው ሥር ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

ጊዜው የግንቦት መጨረሻ፣ ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የአቃቂው ፖሊስ ጣቢያ ከምርጫው ሰሞን ሩጫ ገና ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር። የዕለቱ ተረኛ መርማሪ ኢንስፔክተር ብዙወርቅ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ተወልዳ ያደገች በመሆኗ፣ የሰፈሩን እናቶች ግማሹን በስም፣ ግማሹን በለቅሶ ቤት ታውቃቸዋለች። ወይዘሮ ወለተሥላሴንም ታውቃቸዋለች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንድ ልጃቸው ከዘአማኑኤል ጋር የሚኖሩ፣ ዕንባ የማይቀላቸው ሴት ናቸው። ዛሬም አላለቀሱም። ብዙወርቅን ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

«ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ እትዬ። ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው?»

«ከሐሙስ። ‹ሳሪስ አክስቴ ቤት አድራለሁ› ብሎኝ ወጣ። ትናንት ሲቀርብኝ ጊዜ አክስቱ ጋ ደወልኩ። እሷ ሆዬ ዓይኑን ካየች ሁለት ወሯ! ስልኩ ከሐሙስ ጀምሮ ዝግ ነው። ዛሬ ጠዋት ፍራሹን ባነሣ ይህ ተወሽቆ አገኘሁ። ጽሕፈቱ የራሱ ነው፤ የልጄን እጅ አላጣውም።»

ብዙወርቅ ገለጠችው። መጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦

*ጉዞ፦ አዲስ – ካርቱም – ቤንጋዚ – ላምፔዱሳ። እሑድ ግንቦት 23።*
*ወንድዬ፣ 31 ሺህ። 8፡40 አረፈ።*
*ሥርጉት፣ 35 ሺህ። 9፡05 አረፈች።*
*ፈየራ፣ 33 ሺህ። ነዳጅ አለቀበት፣ በረሃ ላይ ቀረ።*
*ዮዲ፣ 29 ሺህ። ባሕር ውስጥ ገባች።*

ከግርጌው ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፦ *ቅዳሜ 3 ሰዓት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል። መሰብሰቢያ ኡመይር ጋ፣ ቱሉ ዲምቱ።*

«ላምፔዱሳ ማለት» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ «የጎረቤቴ የጠጄ ልጅ እደርስባታለሁ ብሎ ወጥቶ ባሕር የበላበት ደሴት ናት። ለቅሶዋን ተቀምጠን ገና አርባው አልወጣም።»

ጡረታው አንድ ዓመት የቀረው ሳጅን ጀቤሳ በብዙወርቅ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበ። «ዋጋውን ሳይቀር መዝግበውታል! ሠላሳ አንድ ሺህ፣ ሠላሳ አምስት ሺህ። የሰው ዋጋ እንደ በሬ!»

ብዙወርቅ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል። ያ ‹ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል› የተባለው ሰዓት ካለፈ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል ማለት ነው። ሌላም ነገር ከነከናት፤ ለእናትየው ግን አልተነፈሰችም። ልጁ የሟቾቹን ዝርዝር በገዛ እጁ ከጻፈ፣ ወይ ዛሬ ከሚሄዱት አንዱ ነው፣ ወይ የደላላዎቹ ጸሐፊ ነው። ለአንዲት እናት የትኛውን ይመኙላታል?

ወደ መተማ በሚያወጣው መንገድ ላይ ወዳሉ ኬላዎች ስልክ ተደወለ፤ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ሁሉ እንዲፈተሽ ተነገረ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ግን «ቤቴ ሄጄ ልጠብቅ? ሞቼ ነው ቆሜ?» ብለው ፒክአፑ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። የሚያወርዳቸው አልተገኘም።

ዘአማኑኤል የሚሠራው አንዲት የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ባለቤቱ አቶ ካሳሁን የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወጡ።

«ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዷል» አሉ። «የአጎቱ ለቅሶ ነው።»

«የምን አጎት?» የሚል ድምፅ ከፒክአፑ መስኮት ተሰማ። «አጎት ሲያልፍም አይነካው!»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አላዩበትም?» አለች ብዙወርቅ።

አቶ ካሳሁን ትንሽ አመነቱ። «ከሥራ ሰዓት በኋላ በውድቅዳቂ ብረት አንድ ነገር ሲሠራ ከርሟል። ሁለት ፔዳል ነው። ምን እንደሆነ ግን እኔም አልገባኝ። ፍሬን እንዳልለው ፍሬን አይደለም፣ ፍሪሲዮን እንዳልለው ፍሪሲዮን አይደለም። አንዱ ሲረገጥ ሌላው ይወጣል። በዚህ ሙያ ስኖር እንዲህ ያለ መኪና አልገጠመኝም። ሐሙስ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።»

ወደ መኪናው ሲመለሱ ጀቤሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የተደበቀ ክፍል መክፈቻ ነው፣ እመኚኝ። ሞጆ ኬላ ሳለሁ ከጤፍ ጆንያ ሥር አሥራ አንድ ሰው አውጥቼ አውቃለሁ።»

«ጋሽ ጀቤሳ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ» አለች ብዙወርቅ። እሳቸው ግን ሰምተዋል።

ከዝርዝሩ ውስጥ ወይዘሮ ወለተሥላሴ የሚያውቁት አንድ ስም ብቻ ነው። ፈየራ ከዘአማኑኤል ጋር አብሮ የተማረ፣ ገበያው አጠገብ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። በረሃ ላይ የቀረው። ብዙወርቅ የባጃጅ ተራው ጋ ደረሰች። መርዶ ነጋሪ መሆን ከሥራዋ ሁሉ የምትጠላው ነው። ተራው ጥግ ሳምቡሳ የምትጠብሰውን ኡምሀኒን ወደ ዳር ጠራቻት። ጀቤሳ ከኋላዋ ኮፍያውን አወለቀ።

«እህቴ፣ ፈየራ የሚባል ልጅ ታውቂ ነበር?»

«ነበር ትላለች እንዴ! ዛሬ ጠዋት ሦስት ሳምቡሳ በልቶብኝ የሄደውን?» ኡምሀኒ ወደ ጀቤሳ ዞረች። «አባቴ፣ ኮፍያዎን ምን ነካው?»

ጀቤሳ ኮፍያውን መለሰ። «ባለፈው እሑድ በረሃ ላይ የቀረው ሰውዬ ዛሬ ቁርስ በላ ነው የምትይን?»

«ኧረ የምን በረሃ! እዚሁ ነበር። እሑድ ማታ ግን ተናዶ ነበር። ‹ነዳጅ ጨርሼ ተበላሁ› ሲል ሰማሁትና የባጃጁን መስሎኝ ‹ታዲያ አትቀዳም?› አልኩት። ይስቃል እንዴ እንዲህ! ሲንከተከት ሻዩን ደፋብኝ።»

«ዛሬስ ወዴት ሄደ?»

«ባጃጁን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ፣ ይህን የሚያህል ካርቶን ተሸክሞ ወደ ቱሉ ዲምቱ። ‹ዛሬ ካልደረስኩ ሞቼ እገኛለሁ› ሲል ነበር።»

ብዙወርቅ ደረቷ ላይ ከተጫነው ድንጋይ ግማሹ የተነሣ መሰላት። አንዱ ሟች ከዳነ ሌሎቹም ሊድኑ ይችላሉ። ደግሞም ወደ ካርቱም የሚሄድ ሰው መንገዱ በሰሜን በኩል ነው፤ ምን ፈልጎ ወደ ደቡብ ይወርዳል? ለወይዘሮ ወለተሥላሴ «ፈየራ አለ፣ በደህና አለ» ብላ ነገረቻቸው።

«እሰይ፣ ለእናቱ» አሉ። ከዚያ ደብተሩን ተቀብለው በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱ። «የሱ ስም እንኳ ‹ቀረ› ይላል። የኔ ልጅ ስም ጭራሽ የለም። ደላላ ሆኖብኝ ይሆን? ልጄ ሰው ሸጦ ከማይ…» ሳይጨርሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ብዙወርቅ የፒክአፑን በር ዘጋች። «እንሂድ» አለችው ለሹፌሩ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ‹ኡመይር ጋ› ብሎ ሰው መፈለግ ባሕር ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። ብሎኩ ብሎክን ይመስላል። ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ዋሉ። አንዱ ኡመይር የአራት ዓመት ሕፃን ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው ደሴ ከሄደ ወሩ ነው። በመሃል አንድ ብሎክ ጀርባ ሸራ የለበሰ አይሱዙ ቆሞ አዩ። ጀቤሳ ሸራውን ገልጦ ገባ። ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

«ሽንኩርት ነው፣ እትዬ። ሽንኩርት ብቻ። ግማሹ በስብሷል።»

የአይሱዙው ሹፌር ምን አጠፋሁ ብሎ እየሮጠ መጣ። ብዙወርቅ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ነገር ከሄደ አይቀር ብላም ስለ ኡመይር ጠየቀችው።

«ኮምፒውተር የሚጠግነው? እዚያ ማዶ ያለው ብሎክ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከሐሙስ ጀምሮ ወጣት ሲገባ እንጂ ሲወጣ አላየሁም።»

ብዙወርቅ ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት።

በሩ ላይ የተደረደረው ጫማ ስድስት ጥንድ ነው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡ። ብረት ያቃጠለው የሥራ ጫማ ነው። ደረታቸው ላይ አቀፉት። ብዙወርቅ አንኳኳች።

ሻሽ ያሰረች ወጣት በሩን በስንጥቅ ያህል ከፈተች። የኡመይር እህት ጣይባ ነበረች። የደንብ ልብሱን ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ኡመይርን ፈልገን ነው።»

«የለም። ማንም የለም። እኔ ብቻ ነኝ።»

«ይህ ሁሉ ጫማ የአንቺ ነው?»

ጣይባ ለመመለስ አፏን ስትከፍት፣ ከውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ ጮኸ፦ «ወንድዬ አረፈ!»

ወዲያው ጭብጨባ ፈነዳ። ፉጨት፣ እልልታ፣ የጠረጴዛ ድብደባ።

ብዙወርቅ እጇ ሽጉጧ ላይ እንደሄደ ደርቃ ቀረች። በአሥራ አምስት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ የሞት ዜና ሲነገር ሰምታለች። ደረት ሲመታ፣ ፀጉር ሲነጭ፣ ሰው ራሱን ሲስት አይታለች። ሰው አረፈ ተብሎ እልል የሚባልበት ቤት ግን አጋጥሟት አያውቅም። ‹አረፈ… አረፈ…› አለች በሆዷ። ከሰው ሌላ የሚያርፍ ምንድን ነው?

«ዮዲ፣ ባሕሩ ላይ ዝቅ አትበይ!» አለ ያው ድምፅ። «ባለፈው የገባሽው እዚሁ ጋ ነው፤ አፍንጫውን ቀና አድርጊው!»

«የሱ ድምፅ ነው!» ብለው ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሁለት ፖሊስና አንድ በር ገፍተው ገቡ።

ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ግድግዳ ላይ ቆሟል። አምስት ኮምፒውተር፣ እንደ ሐረግ የተጠላለፈ ሽቦ፣ በየኮምፒውተሩ ፊት አንድ አንድ ወጣት። ፈየራ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት የብረት ፔዳል ላይ እግሩን ዘርግቷል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ስክሪኑ ሁሉ ላይ ሰማያዊ ባሕር፣ ባሕሩ መሃል ብስኩት የምታህል ደሴት፣ ደሴቷ ላይ አጭር የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ። ከመሃል፣ ማይክሮፎን አፉ ላይ ደቅኖ፣ ሌላ ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶ ዘአማኑኤል ተቀምጧል። ሙሉ ሰው። ጤነኛ። ትንሽ የከሳ።

«እማዬ?»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ መጀመሪያ ጉንጩን፣ ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ ክንዶቹን ዳበሱት፤ ፋብሪካ ሳሉ ጣቃ ላይ ጉድለት እንደሚፈልጉት አድርገው። ምንም ጉድለት አጡ። ያኔ ጥፊ አቀመሱት።

«አውሮፕላን! በጌም! እኔ ሳጥን ልመርጥልህ!»

ብዙወርቅ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ሳቀች፤ ዕንባዋ እስኪወርድ፣ የደንብ ኮፍያዋ እስኪወድቅ። እፎይታ እንዲህ ሰው ያሰክራል ብላ አስባ አታውቅም።

ኡመይር፣ መነጽር ያደረገ ረጋ ያለ ሰው፣ እጁን እንደ ተማሪ አንሥቶ አስረዳት። የወዳጅነት ውድድር ነው። በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ እያንዳንዱ የራሱን አውሮፕላን ይዞ፣ አንድ ሰማይ ላይ ይበራሉ። አምስቱ እዚህ፣ ስድስቱ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ናይሮቢ ናቸው። አዘጋጁ ዘአማኑኤል ነው፤ መንገዱን የሚያወጣው፣ ተራ የሚሰጠው፣ ማን የት እንዳረፈ የሚመዘግበው እሱ ነው፤ እንደ አየር ማረፊያ መቆጣጠሪያ ማማ ‹ታወር› ይሉታል። ለዚያ ነው ስሙ ከበራሪዎቹ መሃል የሌለው።

«ሠላሳ አንድ ሺሁስ?» አለ ጀቤሳ።

«ከፍታ ነው። ሠላሳ አንድ ሺህ ጫማ።»

«እኔ ደግሞ በሬ ሸጥኩበት!»

«ስልኩን ለምን ዘጋው?» አለች ብዙወርቅ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«የሁላችንም ስልክ ዝግ ነው። ሲም ካርዶቻችን ዶንግል ላይ ናቸው» አለና ኡመይር በየኮምፒውተሩ ጎን የተሰኩትን የኢንተርኔት መቀበያዎች አሳያት። «አንዱ መስመር ሁሉንም አይችልም። ሲሙ ከወጣ ደግሞ አውሮፕላኑ ይወድቃል።»

«አንቺስ ለምን ዋሸሽኝ?»

ጣይባ መሬት መሬት አየች። «ምርጫው ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ። ወጣት ተሰብስቦ ‹ተነሡ፣ ቀጥሉ› ሲል ፖሊስ መጣ። ምን ልበል?»

ዘአማኑኤል ጉንጩን ይዞ ቀረበ። «እማዬ ‹ሁለተኛ ጌም አልነካም› ብዬ እንድምል አድርጋኝ ነበር። ስለዚህ ለእሷ አክስት፣ ለጋሽ ካሳሁን ለቅሶ ፈጠርኩ። ጥፋቴ ነው።»

«መንገዱንስ? ምነው ከዓለም ሁሉ ይህን መረጥክ?»

ልጁ ወደ እናቱ አየ። «ከሰፈራችን በዚህ መንገድ የወጣ ሁሉ ቀረ። የእትዬ ጠጄ ልጅ አብሮን ይጫወት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ‹አንድ ቀን ሁላችንም በሰላም እንድረስባት› ተባባልን። ለዚህ ነው ለማሸነፍ ያልሆነው። አንድ ሰው ከጎደለ ውድድሩ ይደገማል።»

ያን ጊዜ ከድምፅ ማጉያው አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ታወር» አለ፣ «ማይኩ ክፍት ነው። ጥፊዋ ሐዋሳ ድረስ ተሰምታለች።»

«ናይሮቢም ደርሳለች» አለች አንዲት ሴት። «እትዬ፣ ይማሩት። ጎበዝ ልጅ ነው።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ዙሪያቸውን አዩ። «እነማን ናቸው? የት ነው ያሉት?»

«በራሪዎቹ ናቸው፣ እማዬ። ይሰሙሻል።»

ማይክሮፎኑን ከልጃቸው ነጠቁ፤ እንደ ጭልፋ ጨብጠው አፋቸው ላይ ለጠፉት። «ልጆች! እናቶቻችሁ የት እንዳላችሁ ያውቃሉ?»

ፈየራ ወደ ፔዳሎቹ አቀረቀረ።

«ጠየቅኩ እኮ!»

«እ… የኔ ላይብረሪ ነው የሚመስላት» አለ ባሕር ዳር።

«እኔም ከሐሙስ ጀምሮ አልደወልኩም» አለች ዮዲ፣ ከስክሪኗ ሳትነቀል።

«በሉ ደውሉ። አሁኑኑ! እዚያው ሰማይ ላይ ቆዩና ደውሉ።»

ዘአማኑኤል እናቱን አየ፤ ባሕሩን አየ። «ያላረፋችሁ ሁሉ» አለ በእናቱ ትከሻ ላይ ወደ ማይኩ ጎንበስ ብሎ፣ «ደሴቷን እየዞራችሁ ጠብቁ።»

አሥር አውሮፕላን ላምፔዱሳን መዞር ጀመረ። የውጪዎቹ ስልካቸውን አነሡ። የቤቶቹ ግን ሲማቸውን ቢያወጡ ይወድቃሉ፤ እናም የብዙወርቅ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፈየራ አንድ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ «እማ፣ ምንም አልሆንኩም… ኧረ ደህና ነኝ… እንዲያው ናፍቀሽኝ ነው» ሲል ፊቱ ቀላ። ጀቤሳም ስልኩን ለሥርጉት ሰጣትና፣ ኬላዎቹን «ተዉት፣ ልጁ ተገኝቷል» የሚላቸው በየትኛው ስልክ እንደሆነ ግራ ገብቶት ቆመ። ብዙወርቅ ግድግዳውን ተደግፋ ሁሉንም ሰማች። በዚያ ሁሉ የፖሊስነት ዘመኗ ይህን ያህል እናት በአንድ ቀን ልጇ በሕይወት እንዳለ የተነገራት አይመስላትም።

«ሁሉም ደወለ?» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

«ድሬዳዋ አልመለሰም» አለ ዘአማኑኤል።

ትንሽ ቆይቶ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔ… የምደውልላት የለችም፣ እትዬ። ሁለት ዓመቷ።»

ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ስምህ ማን ነው፣ ልጄ?»

«ሙሀመድሁሴን።»

«ሙሀመድሁሴን፣ አሁን የት ነህ?»

«ባሕሩ ላይ ነኝ። ነዳጄ እያለቀ ነው።»

«እንግዲያስ አንተ ቅደም» አሉ። «ሌላው ሁሉ ይጠብቅሃል። እኔም እዚሁ ነኝ፤ ቀስ ብለህ ና።»

ፈየራ ከስክሪኑ ቀና አለ። በስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ አውሮፕላን ከሚዞሩት ተለይታ ወደ ደሴቷ ወረደች፤ ወደ ቀኝ ዘመመች፤ ተስተካከለች።

«እያየሁህ ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አላወቁም። «ና፣ ልጄ። ና።»

ጎማው መሬት ሲነካ ድምፁ በማጉያው መጣ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ።

«ደርሻለሁ፣ እትዬ።»

«ተመስገን!» አሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣ ዕንባቸው አሁን ወረደ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና ማይክሮፎኑን እንደገና አስጠጉ። «በል አሁን ተነሥና ምሳህን ብላ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እኮ።»